ሐልዮና ነቢብ በአንድ ገጽ

የሥነ ፍጥረት መምህራን እግዚአብሔር 22ቱን ፍጥረታት በሦስት መንገድ እንደ ፈጠረ ያስተምራሉ፤ 7ቱን በአርምሞ (በዝምታ)፣ 14ቱን በነቢብ (በቃል)፣ ሰውን ግን በገቢር (በሥራ)። የሰውም ኃጢአት እንዲሁ በሐልዮ (በሐሳብ)፣ በነቢብና በገቢር ይከፈላል። ከወሎ ሰፈር እስከ ጎተራ በተዘረጋው ጎዳና ዳር፣ በየፎቁ ቢሮ ተቀምጦ ሰርቨር ለሚያስተዳድር ባለሙያ ግን ሦስቱ ሊጋጠሙ ምንም አይቀራቸውም። በሼል፣ ማለትም ትእዛዝ በሚቀበለው ፕሮግራም፣ ትእዛዝ ጽፎ ኢንተርን ሲጫን ቃሉ እዚያው ሥራ ይሆናል፤ ፋይል ይሰረዛል፣ አገልግሎት ይቆማል። በኤዲተር፣ ማለትም በጽሑፍ ማረሚያው፣ የጻፈው ደግሞ የፈለገውን ያህል ቢታረም ማንንም አይነካም። እንግዲህ ሼሉን ኤዲተሩ ውስጥ ከፍቶ የሚሠራ ሰው የሚታረመውንና የማይመለሰውን በአንድ ገጽ አኖረ ማለት ነው። ይህ ኃላፊነቱን ያላላበታል ወይስ ያጠብቅበታል? እኔ ያጠብቅበታል ባይ ነኝ።

ኢማክስ የተባለውን ኤዲተር እንይ። ጅምሩ እ.ኤ.አ. 1976 ነው፤ ሪቻርድ ስቶልማን የጂኤንዩውን ኢማክስ ያወጣው በ1985 ነው። ውስጡ በተከፈተ ሼል የሚጻፍ ትእዛዝ ፊደል በፊደል አይላክም፤ ኢንተር እስኪጫን ድረስ ሼሉ አንዳች አያውቅም። ጸሐፊው እስከዚያ ከፍ ብሎ የቀደመውን መልስ ያነባል፣ የማሽኑን ስም ያያል፣ የተሳሳተውን መንገድ ያርማል። ይህች አርምሞ አጭር ብትሆንም ሰው ራሱን የሚጠይቅባት ናት። ስም ማውጣትም አለ። ሼል በድጋሚ ሲጠራ ኢማክስ በልማዱ ወደ ቀድሞው ይመልሳል፤ ሁለተኛ የፈለገ ሰው ለየራሳቸው ስም ቢያወጣላቸው ይበጀዋል። ለሙከራ ማሽን የታሰበ ትእዛዝ ደንበኞች በሚገለገሉበት ሰርቨር ላይ የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ መስኮቶች ሲመሳሰሉ ነው።

ማሽን ልብ የለው፣ ነቢብን ከቁልፍ መጫን ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ማሽን አይበድልም። ነገር ግን ክፍፍሉ ለሰውም የተሰጠ ነው፤ ያሰበውም፣ ያዘዘውም፣ የሚጠየቀውም ያው ሰው ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። በኤዲተር ውስጥ መቀልበሻ አለ። የስረዛው ትእዛዝ ከገጹ ይጠፋል፣ ሰርቨሩ የመለሰው ቃል ሳይቀር ሊለወጥ ይችላል፤ ፋይሉ ግን አይመለስም። ስለዚህ ገጹ ይዋሻል፣ ሰውንም ያዘናጋል ይላሉ። ይህን አልክድም። የቀድሞ ባለቤታቸው ስም ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈባቸው የብራና መጻሕፍት አሉ፤ ብራናው ሲፋቅ ግን ይሳሳል፣ ብርሃን ላይ ሲያዩት ያስታውቃል። የኮምፒውተር ገጽ እንዲህ ያለ ጠባሳ አይዝም። ሆኖም ከዚህ የሚከተለው ሼሉን ከኤዲተሩ ማስወጣት አይደለም፤ ገጹን ለምስክርነት አለማቅረብ ነው። መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ቢዘጋ ያልተቀመጠው ገጽ አብሮ ይሄዳል፤ ሰርቨሩ ላይ የተሰረዘው ግን እንደ ተሰረዘ ይቆያል። ገጹ የሐልዮ ቦታ ሆኖ ይቀመጥ፤ የተሠራው ሥራ መዝገብ ደግሞ የሠሪው እጅ በማይደርስበት ሌላ ማሽን ይጻፍ።