በተሸፈነ ሥራ ውስጥ ያለ ዕዳ

ማንም የማይመረምረውን ሥራ በሚገባ እንድንሠራ የሚያስገድደን ምንድር ነው? ቅጣትን መፍራት እንዳንል፣ ያልታየ ጥፋት አይቀጣም፤ ምስጋናን መሻት እንዳንል፣ ያልታየ ልፋት አይመሰገንም። ይህን ጥያቄ አንድ የእጅ ሙያ አጉልቶ ያሳየናል፤ እርሱም በባለሸራ መርከቦች የገመድን ጫፍ በቀለበት መልክ የመጎንጎን ሙያ ነው።

የመርከቡን ምሰሶ ደግፈው የሚያቆሙና ሸራውን የሚስቡ ገመዶች በጫፋቸው «ዐይን» የሚባል ቀለበት ያስፈልጋቸዋል። ቀለበቱን በቋጠሮ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን ቋጠሮ ገመዱን በኃይል ስለሚያጥፈው ብርታቱን ብዙ ጊዜ በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ስለዚህ መርከበኛው ከሦስት ፈትል የተገመደውን ገመድ ጫፉን ይፈታል፤ አጥፎ ቀለበት ካበጀ በኋላም የገመዱን አካል በእንጨት ወስፌ እየከፈተ፣ እያንዳንዱን የተፈታ ፈትል ከግምዱ ዙር በተቃራኒ በአንዱ ላይ አሳልፎ ከሚቀጥለው ሥር ያስገባዋል። ሦስቱም አንድ አንድ ጊዜ ሲገቡ አንድ ዙር ይባላል። ለቃጫ ገመድ ቢያንስ ሦስት ዙር፣ ለሚያንሸራትተው ናይለን አምስት ወይም ከዚያ በላይ መድገም የተለመደ ነው። በደንብ የተጎነጎነ ዐይን የገመዱን ብርታት አብዛኛውን ይጠብቃል፤ ሸክሙ በከበደ ቁጥርም ፈትሎቹ አጥብቀው ይያያዛሉ። ጀማሪ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ፈትሎችን በአንድ ክፍተት ያስገባል፤ ያን ጊዜ ፈትቶ እንደገና ከመጀመር በቀር ሌላ መፍትሔ የለውም።

በመጨረሻ ጉንጉኑ በቀጭን ሲባጎ ተጠቅልሎ ይሸፈናል። ከዚህ በኋላ ዙሩ የተሟላውንና የጎደለውን በዐይን መለየት ያዳግታል። ልዩነቱ የሚገለጠው በማዕበል ቀን፣ ወደ ምሰሶው የወጣ ሰው ሕይወቱን ለገመዱ ዐደራ በሰጠ ጊዜ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በዘመነ ሸራ ገመዱን ከሌቦች ለመጠበቅ በውስጡ መለያ ክር ያስገምድ ነበር፤ ሰነፍ እጅን የሚያጋልጥ ክር ግን አልተገኘም።

በ13ኛው መቶ ዘመን የኖረው ቅዱስ ቶማስ አኲናስ «ሱማ ቴኦሎጊካ» በተባለው መጽሐፉ የእጅ ጥበብን ከአስተዋይነት ለይቶ ያስተምራል። በጥበብ ረገድ፣ እያወቀ የሚያበላሽ ሰው ሳያውቅ ከሚያበላሸው ይሻላል፣ ሙያው አልጎደለውምና፤ በምግባር ግን ነገሩ ይገለበጣል። እንግዲህ እጅ መሠልጠኑ ብቻ አይበቃም፤ ፈቃድም መቅናት አለበት።

«ገመዱ ማንንም ሳይጥል በመጋዘን ቢያረጅስ፣ ማን ተበደለ?» የሚል አይጠፋም። መልሱ በሲባጎው ላይ ነው። መሸፈን ራሱ ምስክርነት ነው፤ ሠራተኛው በመሸፈኑ «የታመነ ነው» ብሎ ተናግሯል። የጎደለውን መሸፈን እንግዲህ ቃል የሌለው ሐሰት ነው። ዕዳው ፊቱን ለማናውቀው ባልንጀራችንና በስውር ለሚያይ አምላክ ነው፤ ገመዱ ስላልተበጠሰም አይሰረዝም።

ይህ ዕዳ በየቁምስናችንም አለ። ለቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጀውን ልጅ ጥያቄ አልፎ፣ ያላለቀውን ትምህርት «ተፈጽሟል» ብሎ በመዝገብ ማስፈር፣ ያልተጎነጎነውን በሲባጎ መሸፈን ነው። የልጁ ማዕበል ከሃያ ዓመት በኋላ፣ መምህሩ በሌለበት ሊመጣ ይችላል። የተወደዳችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ወላጆች፣ ሲባጎውን ከመጠቅለላችን በፊት ዙሩን እንቁጠር፤ የጎደለ ካለም ፈትተን እንደገና ለመጀመር አንፈር።