ፀሐይ መቼ ጠለቀች?

ልጄ «አባዬ፣ ነገ ጀልባ ተከራይቻለሁ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ጣና ላይ እንሆናለን» ስትለኝ ፊቴን አጠቆርኩባት። የካቲት መጨረሻ ነበር። ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ረመዳንም ገብቷል። በጾም ሽርሽር አልወድም። በዚያ ላይ እናቷ ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም። ልጄ ግን አስባበት ኖሯል። «ዘጌ ሄደን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን ነው የምንመለሰው» አለችኝ። ኪዳነ ምሕረት ከተባለ እንግዲህ እምቢ የሚል አፍ የለኝም።

የቆቦ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ለቆላ ሰው ፀሐይ ሄዶ የሚያያት ነገር አይደለችም፤ የሚሸሻት ናት። ራያ ሜዳ ላይ በግንቦት ቀትር ሰዉም ከብቱም ቁርቁራ ጥላ ሥር ነው። ማሽላው ሲዘረዝር ዝናብ ያቋረጠ እንደሆነ ደግሞ ሰው ፀሐይዋን እንደ ደመኛ ነው የሚያያት። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ተማሪ ነበርኩ። ያን ዓመት ሰማይ ላይ ከደመና በቀር የምንፈልገው ነገር አልነበረም። እና ባሕር ዳር ድረስ መጥተን ለፀሐይ ብለን ገንዘብ መክፈላችን እንግዳ ነገር ሆነብኝ።

ደግሞም እኛ ፀሐይ ስትጠልቅ አይተን አናውቅም። ይህን ስላት ልጄ ሳቀች፤ እውነቴን ነው። ቆቦን በምዕራብ በኩል የጊዳንና የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞበታል። ፀሐይ ገና ብርቱ ሳለች፣ ዓይን ሞልቶ ሊያያት ሳይችል፣ ጋራው ይውጣታል። ከተማው ጥላ ይለብሳል፤ ሰማዩ ግን ገና ቀን ነው። በምሥራቅ ያለው የዞብል ተራራ ከግርጌው እስከ አናቱ እንዳበራ ነው። ከዚያ ጥላው ሜዳውን ያቋርጥና ዞብልን ከእግሩ ጀምሮ ይወጣዋል። ብርሃኑ ሽቅብ እየሸሸ፣ እየሸሸ፣ በመጨረሻ አናቱ ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ይቀራል።

ይህን እንዳይ ያስተማሩኝ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሸህ ናቸው። በረመዳን እኛን የሰፈር ልጆች፣ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይሉ፣ አጥራቸው ላይ ይደረድሩን ነበር። ሥራችን ዞብልን መጠበቅ ነው። አንድ ቀን ቸኩዬ «ሸህ አባባ፣ ፀሐይዋ እኮ ገባች!» አልኋቸው። አልተቆጡም። «አልገባችም ልጄ» አሉኝ፤ «ተራራው ነው የጋረደን። ከጋራው ማዶ ያለ ሰው ይኼኔ ይሞቃታል። አንተ እሷ ወዳለችበት አትይ፤ ጀርባህን ስጣትና ዞብልን እይ። ብርሃኑ ከአናቱ ሲነሳ፣ ጨለማውም ከምሥራቅ ሲመጣ፣ ያኔ ጥራኝ።» ውኃ የሞላች ጣሳቸው ከፊታቸው ነበረች። ቀኑን ሙሉ በዚያ ሙቀት ጾመው ውለዋል፤ እጃቸው ግን ወደ ጣሳዋ አልሄደም። ነገሩ የእሳቸው ጥንቃቄ ብቻ እንዳልሆነ፣ በሃይማኖታቸው ሕግ ተራራ የጋረዳት ፀሐይ ጾም እንደማታስፈታ፣ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳልናገር አላልፍም። «ጠለቀ» የውኃ ቃል ነው። ባልዲ ጉድጓድ ውስጥ ይጠልቃል፤ ድንጋይ ኩሬ ውስጥ ይጠልቃል። እኛ ግን ወንዙ ክረምት ጎርፍ፣ በጋ አሸዋ በሆነበት አገር፣ ጋራ ጀርባ የሄደችውን ፀሐይ «ጠለቀች» እንላለን። ግእዙ «ዐርበ» ይላል፤ ምዕራብ ያልነውም ከዚያ ነው። ሸሁ «መግሪብ» የሚሉትም የዚሁ ቃል ወንድም ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ዕለትን ከምሽት ትጀምራለች፤ የሰንበት ዋዜማ የሚቆመው ቅዳሜ ሲመሽ ነው። የሸሁም ቀን የሚጀምረው ከመግሪብ ነው። አንድ አጥር የለየን ሁለት ቤቶች፣ ቀኑ አለቀ ብለን ሳይሆን ቀኑ ገባ ብለን ነበር ያን ብርሃን የምንሸኘው።

ከዘጌ የተነሳነው 11 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ጀልባዋ ትንሽ፣ ባለ አንድ ሞተር ናት። የሚነዳው ልጅ «አባቴ፣ እርስዎ በዚህ በኩል፣ እሷ በዚያ በኩል ትሁን፤ ሚዛን እንዲይዝ» ብሎ ለየብቻ አስቀመጠን። ትንሽ እንደሄድን እንጨት የጫነ ሰው በደንገል ታንኳ ወደ ባሕር ዳር ሲቀዝፍ ደረስንበት። ማዕበላችን እንዳያናውጠው ልጁ ሞተሩን ዝቅ አደረገ። ታንኳዋ ግማሽ አካሏ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሰውየው ከሩቅ ሲታይ ውኃው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ሥራ ሲያበቃ ታንኳዋን ከሐይቁ አውጥተው ያቆሟትና ያደርቋታል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ እንዴት እንደሚያቆሟት አሳየኝ።

ጥልቀቱን ጠየቅሁት። «ብዙ አይደለም አባቴ» አለኝ። እውነቱን ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ፣ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አያልፍም። ከቆቦ እስከ ጊራና ባለው ሸለቆ ለመስኖ የሚቆፈሩት ጉድጓዶች ከዚህ እጥፍም፣ ከእጥፍ በላይም ይወርዳሉ። በእነሱ ውኃ ሽንኩርት በበጋ ሲበቅል አይቻለሁ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ውስጤን ይበላኛል፦ በ1977 የተራበው ሕዝብ የቆመው ውኃ ላይ ነበር። የጣናው ተገልጦ ተሰጥቷል፤ የእኛው ተሸፍኖ። እግዚአብሔር ለምን እንዲህ አደረገ ብዬ ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ፤ መልስ አላገኘሁም። የተሸፈነውን «የለም» ማለታችን ግን የእሱ ጥፋት አይደለም፤ የእኛ ነው።

ሰላጤው መካከል ስንደርስ ልጁ ሞተሩን አጠፋ። በምዕራብ ያለው ዳርቻ ዝቅ ያለ ነው፤ ከሩቅ አንዲት ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ፀሐይዋ ቀልታ፣ ዓይን የምትችላት ሆና፣ ወደዚያች መስመር ትወርዳለች። ስድሳ ዓመት ኖሬ ክቧን ሙሉ፣ ያለ ጋራ፣ እስከ መጨረሻው ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። የታችኛው ጠርዟ መስመሩን ሲነካ ልጄ «ይኸው!» ብላ ስልኳን ደቀነች።

እኔ ደግሞ የማውቀው ነገር ደረቴን ተጫነኝ። ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሠራሁት ሙከራ አለ። ጣሳ ግርጌ ላይ ሳንቲም አስቀምጣለሁ፤ ተማሪው የጣሳው ጠርዝ ሳንቲሙን እስኪጋርድበት ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል። «ይታይሃል?» «አይታየኝም መምህር።» ከዚያ ቀስ አድርጌ ውኃ እሞላለሁ። ልጁ ካለበት ሳይነቃነቅ ሳንቲሙ ብቅ ይልለታል። ውኃው ብርሃኑን አጉብጦ አመጣለት። አየርም እንዲሁ ያደርጋል። አድማስ ላይ የፀሐይን ብርሃን ግማሽ ዲግሪ ያህል ያጎብጠዋል፤ የፀሐይዋም ክብ ለዓይናችን ስፋቱ ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ ጠርዟ አድማሱን ሲነካ በምናይበት ሰዓት፣ ብርሃን ቀጥ ብሎ ቢሄድ ኖሮ፣ ሙሉዋን ከአድማስ በታች ነበረች። የምናየው አየር አንስቶ የሚያሳየንን ነው።

እንግዲህ ቆቦ ላይ ሳትጠልቅ ጠለቀች እላለሁ፤ ጣና ላይ ጠልቃም አለች እላለሁ። ዓይኔ በሁለቱም ቦታ ምስክር መሆን አልቻለም።

ባለቤቴ ያረፈችው ቤታችን ውስጥ፣ በዚያው ዞብል ብቻ በሚያበራበት ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ እጇን ይዤ ነበር። የንስሐ አባታችን በር ላይ ሲደርሱ ልከፍትላቸው ወጣሁ። ከአልጋዋ እስከ ውጭው በር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ስመለስ ሴቶቹ ጭንቅላታቸውን ይዘዋል። እህቷ «አንተ ስትወጣ ነው የሄደችው» ትላለች። የእህቷ ልጅ ደግሞ «የለም፣ አባ ገብተው መስቀሉን ሲያሳርፉባት ትንፋሽ ነበራት» ትላለች። ሁለቱም አጠገቧ ነበሩ፤ ሁለቱም አይዋሹም። እኔ ወራቱን ሁሉ ያቺን ሃያ እርምጃ ስመላለስባት ነው የከረምኩት። ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም? መቼ ነው የሄደችው?

ጎረቤት ሊያጽናናኝ ሲመጣ «አልሞተችም፣ ከዓይንህ ነው የተሰወረችው» ይለኛል። ቃሉ ደግ ነው፤ ሃይማኖታችንም ይህንኑ ያስተምራል። እኔ ግን የፀሐይን ነገር አምጥቼ ለትንሣኤ ማስረጃ ማድረግ አልደፍርም። ፀሐይ ነገ ትወጣለች ስል ያየሁትን ነው የምናገረው፤ ስድሳ ዓመት በየጠዋቱ በዞብል ላይ ስትወጣ አይቻታለሁና። ሙታን ይነሣሉ ስል የምናገረው ያመንኩትን ነው፤ ያንን አላየሁም። ሁለቱን ያደባለቅሁ እንደሆነ እምነቴን ወደ ሙከራ አወርደዋለሁ፤ ሙከራውም ያን ሸክም አይችልም። ፀሐይዋ የነገረችኝ ከዚህ ያነሰ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን በቂ ነው። የመለየቷን ቅጽበት ዓይን አይዛትም። አጠገቧ የነበሩትም አልያዟትም። በሩን ልከፍት ባልወጣ ኖሮ እኔም አልይዛትም ነበር። ሃያውን እርምጃ ጠላቴ አድርጌ የያዝኩት፣ ቁጭ ብል ኖሮ አያለሁ ብዬ ስላሰብኩ ነው።

በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። የሸሁ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ያኔ አጥሩ ላይ አብረን የተደረደርን፣ አሁን እንደ እኔው ሸብቷል። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ አንድ ምሽት ሳይደውል አልቀረም።

«አፈጠርክ?» አልሁት።

«አሁን ውኃ ቀመስኩ፤ አልሐምዱሊላህ። ዞብል ጠቆረ።»

ቆቦ ከባሕር ዳር ሁለት ዲግሪ ከምናምን ወደ ምሥራቅ ነው። ምድር አንዱን ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ እነሱ ዘንድ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይመሻል። እሱ ይህን ስሌት አልፈለገም። «እናንተ ዘንድስ ወንድም ዓለም? ገባች?» አለኝ።

ክቧ ግማሿ መስመሩ ላይ ቀርቶ ነበር። ፊዚክሴ ሄዳለች ይለኛል። ዓይኔ ቀይ ብርሃኗን ውኃው ላይ እስከ ጀልባችን ድረስ ዘርግታው ያያታል።

«አለች» አልሁት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ መሰለኝ፤ ስለየትኛዋ እንደተናገርኩ እሱም አልጠየቀኝ፤ እኔም አላስረዳሁት። ጥቂት ዝም አለና «አላህ ያጽናህ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

የመጨረሻው የቀይ ቅንጣት ሲጠፋ ልጄ «አለቀ» ብላ ስልኳን አወረደች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። እዚያ ዞብል የለም። ከውኃው በላይ ግን፣ ደቂቃዎች እያለፉ ሲሄዱ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መቀነት ከአድማሱ መነሳት ጀመረ፤ ከእሱ በላይ ደግሞ የጽጌረዳ መልክ ያለው ብርሃን ተዘርግቷል። ያ ጠቆር ያለው የምድር የራሷ ጥላ ነው፤ ከኋላችን የገባችው ፀሐይ በአየሩ ላይ የጣለችው። ሸሁ «ጨለማው ከምሥራቅ ሲመጣ» ያሉኝ እሱን መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋልኩት ያን ምሽት ነው። ፊዚክስ ሳይማሩ በዓይናቸው ያውቁት ኖሯል። የእንጨቱ ሰውዬ ከሩቅ ይታያል፤ ገና እየቀዘፈ ነው። ነጭ ወፎች ከሱ በላይ ሲያልፉ ክንፋቸው ያንን ብርሃን ይዞ ነበር።

«አባዬ፣ ምን እያየህ ነው?»

«ጀርባሽን ስጪያትና ወደዚህ ነዪ» አልኋት።

ተነስታ ቀስ ብላ ወደ እኔ ጎን ተሻገረችና አጠገቤ ተቀመጠች። ጀልባዋ ወደኛ ዘንበል አለች። ነጂው ልጅ አየንና ምንም ሳይናገር ተነስቶ ልጄ በለቀቀችው ቦታ ሄዶ ተቀመጠ።