የጻፍሽውን ተመልሰሽ አንብቢው

ልጄ፣ የነርስነቱ ትምህርት እንዴት ይዞሻል? አጎትሽ ከአሜሪካ ሲመጡ በእጅ የሚጻፍበት ኢ-ኢንክ ሰሌዳ ሊያመጡልሽ እንዳሰቡ ሰማሁ። አንቺም «ልቀበላቸው ወይስ በደብተሬ ልቀጥል?» እያልሽ እንዳመነታሽ ነገሩኝ። ማመንታትሽን ወደድኩት። እስኪ ረጋ ብለሽ ስሚኝ።

አስቀድመን ዕቃውን እንወቀው። ኢ-ኢንክ እንደ ስልክሽ ስክሪን ዓይን ላይ አያበራም። ከላዩ ሽፋን ሥር በዓይን የማይታዩ ደቃቅ እንክብሎች አሉ፤ በውስጣቸውም ነጭና ጥቁር ብናኝ አለ። ኤሌክትሪኩ ነጩን ወይም ጥቁሩን ወደ ላይ ይስበዋል። አንዴ ከተሳበ በኋላ ኤሌክትሪክ ባይኖርም እዚያው ይቆያል። ባትሪው ብዙ ቀን የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው፤ በላዩ የሚያርፈውን ብርሃን ስለሚያንጸባርቅም ፀሐይ ላይ እንደ ወረቀት ይነበባል። ቴክኖሎጂው በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ተጠነሰሰ። የኖርዌዩ ሪማርከብል በ2017፣ የአማዞኑ ኪንድል ስክራይብ ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረቡ። ስክራይብ ሲወጣ ዋጋው ከ300 ዶላር በላይ ነበር። ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ አጎትሽ ሠርተው ያገኙት ነው።

በሰሌዳ መጻፍ ትምህርቱን ያስረሳኛል ብለሽ ግን አትስጊ። በ2014 እ.ኤ.አ. ሙለርና ኦፐንሃይመር የተባሉ ተመራማሪዎች በላፕቶፕ የሚተይቡና በእጅ የሚጽፉ ተማሪዎችን አወዳድረው ነበር። የሚተይቡት የአስተማሪውን ቃል እንዳለ ወደ መገልበጥ አዘነበሉ። በእጅ የጻፉት መረዳትን በሚጠይቁ ጥያቄዎች በለጧቸው። ኋላ ሌሎች ሲደግሙት ልዩነቱ ያን ያህል አልጎላም። ያም ሆነ ይህ ንጽጽሩ በእጅና በኪቦርድ መካከል ነበር። ደብተርም ሰሌዳም የእጅ ጽሑፍ ናቸው። ሰሌዳው አያደነዝዝሽም። መግዛቱ ብቻውንም ጎበዝ አያደርግሽም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ተጽፎ ያልተነበበም ይረሳል፣ ልጄ። ኖት ስትይዢ ትከርሚያለሽ፤ ደብተሩ ይሞላል፤ ፈተና ሲደርስ ሀንድአውት ፎቶ ኮፒ ታስደርጊና ሌሊቱን ታነጊያለሽ። ፈተናው ያልፍ ይሆናል። በሽተኛው አጠገብ ስትቆሚ ግን ያ ሌሊት አይደርስልሽም። በደብተር ያልለመድሽውን በሰሌዳ አትጀምሪውም። ተመልሶ የማንበብ ልማዱ ከሌለ ሁለቱም መጋዘን ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ልማዱን ያዢ። በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዋልተር ፓውክ ለተማሪዎች ያስለመዱት አጻጻፍ አለ። በገጹ ግራ በኩል ሦስት ጣት ያህል ቦታ ተዪ። በቀኝ በኩል ትምህርቱን ጻፊ። ማታ በግራው ጥያቄውን ብቻ አስፍሪ። ለምሳሌ በቀኝ፣ «1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ፣ በ8 ሰዓት ውስጥ፣ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር በሚሆንበት ቱቦ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ» ብለሽ ስሌቱን ጻፊ። በግራ «በደቂቃ ስንት ጠብታ?» በዪ። ከዚያ ቀኙን በእጅሽ ሸፍነሽ አስዪው። ከተሳሳትሽ እንደገና አስዪው። በሳምንቱ ተመለሽበት። ይህን በሃምሳ ሉክ ደብተርም ማድረግ ትችያለሽ። ይህን ማድረግ እንደማያቅትሽ አውቃለሁ።

አሁን ደብተሩንና ሰሌዳውን ለየብቻ እንያቸው። ደብተር መብራት ሲጠፋ አይቸገርም፤ ታክሲ ውስጥ ቢጨፈለቅም አይሰበርም። የሰሌዳው ስክሪን ግን ከተሰነጠቀ እዚህ አገር የሚጠግነው ማግኘት ይከብዳል። የብዕሩ ጫፍም እያለቀ ይቀየራል። በሌላ በኩል የጠፋ ደብተር ቅጂ የለውም። ስለዚህ በየሳምንቱ ገጾቹን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ክረምት ላይ ደግሞ በጄል እስክርቢቶ አትጻፊ፤ ዝናብ ሲነካው ሊሟሟ ይችላል። ተራው ቢክ ቀለሙ ዘይትነት ስላለው ውሃውን ይችላል።

ሰሌዳው የሚበልጥበትም አለ። የአራት ዓመት ኖት በአንድ እጅ ይያዛል። መጽሐፍ ጭነሽ ጠርዙ ላይ መጻፍ ትችያለሽ። የይለፍ ቁጥርም አለው። ሆስፒታል ስትወጪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ታክሲ ላይ የተረሳ ደብተር ላገኘው ሁሉ ክፍት ነው። ቢሆንም የበሽተኛን ስም በደብተርም በሰሌዳም አትጻፊ። ሰው አምኖሽ የነገረሽ ነውና። የእጅ ጽሑፍን ወደ ታይፕ እንለውጣለን የሚሉ ሰሌዳዎችም አሉ፤ ፊደላችንን ግን ሁሉም አያውቁትም። አንዳንዶቹ ለተጨማሪ አገልግሎት ወርኃዊ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ በዶላር የሚከፈል ነገር ከተማሪ ኪስ አይገጥምም። አጎትሽ ሳይገዙ ይህን ይጠይቁልሽ። ጽሑፍሽ ያለ ክፍያና ያለ ኢንተርኔት እንዲወጣልሽ ሆኖ ይሁን።

የእኔ ምክር እንዲህ ነው። ይህን ሴሚስተር በደብተር ጨርሺ። አንድ ኮርስ ምረጪና ከዳር እስከ ዳር በዚህ መንገድ ያዢው። በየቅዳሜው ተመለሽበት። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ደብተሩን ገልጠሽ እዪ። በግራ በኩል ያለው ባዶ ከሆነ ሰሌዳው ይቆይ፤ ባዶውን ሰሌዳ አይሞላውም። ግራው ሞልቶ፣ ደብተሮቹ በዝተው የምትፈልጊውን ገጽ ማግኘት ካስቸገረሽ ግን ሰሌዳው ይገባሻል። ያን ጊዜ ሳትሳቀቂ ተቀበዪ።

አጎትሽንም ዝም አትበያቸው፤ ያሰቡልሽ በፍቅር ነው። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ሴሚስተር በደብተር ልጨርስና፣ የሚያስፈልገኝ ከሆነ እኔው እነግርዎታለሁ» በያቸው። ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቀየሙሽም። በይ ልጄ፣ ዛሬ የተማርሽውን ሳትተኚ አንድ ጊዜ እዪው። ይቅናሽ።