ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው በማን ዓይን ይመልከት?

ልብ ወለድ የተፈጠረ ነገር ስለ ሆነ ጸሐፊው እንደ ፈቀደ ቢናገር የሚከለክለው የለም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የተፈጠረ ታሪክም ቢሆን ምስክር ያስፈልገዋል፤ ምስክርም ያላየውን አየሁ ቢል ይነቀፋል። ይህም በምሳሌ ይገለጻል።

በመቀሌ ያለው የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ እንዳ ማለት በትግርኛ ቤት ማለት ነውና። በ1888 ዓ.ም. ግን ኢጣልያኖች ምሽግ አድርገውት ነበር። ሻለቃ ጋሊያኖ ከኢጣልያ ወታደሮችና ከአገር ተወላጆች አስካሪዎች ጋራ በውስጡ ሳለ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ከበበው። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ ተያዘ፤ በጥር ወርም ምሽጉ ተለቀቀ።

ይህን ነገር ልብ ወለድ አድርጎ ሊጽፍ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ማን አየው ብሎ ይጠይቅ። ከምንጩ አጠገብ የቆመው የምኒልክ ወታደር ውኃው በማን እጅ እንደ ሆነ ያውቃል፤ በምሽጉ ውስጥ ያለው ሰው እንዴት እንዳደረ ግን አያውቅም። አስካሪው ደግሞ የጉሮሮውን መድረቅ ያውቃል፤ ምክሩ ከማን እንደ ወጣ አያውቅም። ጸሐፊው ይህን አስካሪ «እኔ» አሰኝቶ ካናገረው በኋላ፣ በእቴጌዪቱ ድንኳን የተመከረውን በአፉ ቢያኖርበት ሐሰተኛ ምስክር አቆመ ማለት ነው።

ሁሉን እንደሚያውቅ ሆኖ መተረክም አለ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ጦብያ የወንድ ልብስ ለብሳ ስትሄድ አንባቢው ሴትነቷን ያውቃል፤ በመንገድ የሚያገኛት ግን አያውቅም። የታሪኩም ጣዕም ከዚህ ይመጣል። ነገር ግን የሰውን ልብ ሁሉ ማወቅ የእግዚአብሔር ገንዘብ ነው። ጸሐፊ ይህን ሥልጣን ተውሶ የወዳጁን ልብ ብቻ ከፍቶ ቢያሳይ፣ የጠላቱንም እንደ ድንጋይ ዘግቶ ቢተወው፣ በተዋሰው ነገር አድልዎ አደረገበት።

ለጠላት ያደረውን ሰው ልብ መግለጥ እርሱን ማጽደቅ ነው የሚል ይኖራል። እንዲህ አይደለም። ዳኛ የተከሳሹን ቃል የሚሰማው በደሉን ሊሽርለት አይደለም፤ ፍርዱ እንዳይጣመም ነው እንጂ። ደግሞም ርኅራኄ ብቻውን ያሳስታል። የተጠማውን ሰው ብቻ የሚያይ ጸሐፊ ከበባውን ጭካኔ ብቻ ያደርገዋል፤ ጋሊያኖ ግን በስምምነት ከወጣ በኋላ በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን በዓድዋ ተሰልፎ ወድቋል። እንግዲህ ጥሙም እውነት ነው፤ ውኃውን የያዙትም ምክንያት ነበራቸው።

ይህን ጥበብ ለመልመድ የቅኔ ተማሪን መምሰል ይጠቅማል። ተማሪው ብቻውን ቈጥሮ ያዘጋጀውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ የተበላሸውም ይታረምለታል። እንዲሁ ጸሐፊው የእንዳ ኢየሱስን አንዲት ሌሊት ሁለት ጊዜ ይጻፍ፤ አንድ ጊዜ ከምሽጉ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ከምንጩ አጠገብ። ከዚያም ተናጋሪው ሊያየው ወይም ሊሰማው የማይችለውን ሁሉ ይሠርዝ። ሁለቱን ካነጻጸረ በኋላ አንዱን ይምረጥ፤ ያልመረጠውንም አይጣለው። የአንዱን ዓይን ብቻ ይዞ ሲጽፍ እንኳ ሌላው በዚያው ሌሊት ነቅቶ እንደ ነበር ያስታውሰዋልና።