መከራ ብቻውን አይመክርም

«ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ ውሎው ጫት ቤት ሲሆን፣ ልጅቷ ቤተሰብ ሳያውቅ ከደላላ ጋር ተስማምታ ስትጠፋ፣ ሽማግሌ ተልኮ የሚሰማው ሲያጣ፣ ከተሰበሰቡት አንዱ ይህን ተረት ይጥልና ጉዳዩ ይዘጋል። ወላጅም «የምችለውን ሁሉ ተናግሬያለሁ» ብሎ እጁን ይሰበስባል። እንዲህ ሲነገር ተረቱ ወላጅ ልጁን ለሌላ ጨካኝ መምህር ያስረከበበት የርክክብ ሰነድ ይመስላል። እኔ ግን በዚህ አተረጓጎም የተረቱ ግማሽ ይጠፋል እላለሁ። መከራ የሚመክረው ቀድሞ የተመከረ ልብና ያልተዘጋ በር ሲያገኝ ነው። እነዚህ ሁለቱ በሌሉበት መከራ ያመርራል፣ ያደነድናል፣ ይገድላል እንጂ አያስተምርም። ስለዚህ የተረቱ ክብደት ያረፈው በማሳረጊያው ላይ ሳይሆን በመክፈቻው፣ «ምከረው ምከረው» በሚለው ላይ ነው። ይህን በቅዱስ መጽሐፍ ታሪኮችና በዘመናችን ኑሮ መፈተን ይቻላል።

በመጀመሪያ ትእዛዙ ለማን እንደተሰጠ እንይ። ተረቱ ልጁን «ስማ» አይለውም፤ መካሪውን «ምከር» ይለዋል፤ ያውም ደጋግሞ። አንድ ጊዜ ተናግሮ የተቀመጠ ሰው ተረቱን ለመጥቀስ ገና አልደረሰም ማለት ነው። ኦሪት ዘዳግም በ6ኛው ምዕራፉ ወላጆችን የሚያዛቸው ይህንኑ ነው፦ ትእዛዙን በቤት ሲቀመጡም፣ በመንገድ ሲሄዱም፣ ሲተኙም፣ ሲነሡም ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ። በመጽሐፈ ምሳሌ የመጀመሪያ ምዕራፎችም አባት ልጁን እየደጋገመ ይጠራዋል፤ ስለ ክፉ ባልንጀራ ይነግረዋል፣ ስለ ስንፍና ይነግረዋል፣ ያንኑ ጉዳይ በሌላ ምሳሌ መልሶ ያነሣዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን መጽሐፍ ከፍላ የመጀመሪያዎቹን 24 ምዕራፎች ምሳሌ፣ ቀሪዎቹን ተግሣጽ ብላ እንደ ሁለት መጻሕፍት ትቆጥራቸዋለች። በዚህ ትውፊት ምክር በአንድ ቁጣ የሚያልቅ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

ይህን የተረቱን መክፈቻ አጥብቆ የሚፈትነው የዔሊ ታሪክ ነው። በሴሎ ካህን የነበረው ዔሊ አፍኒንና ፊንሐስ የሚባሉ ልጆች ነበሩት፤ እነርሱም ካህናት ነበሩ። ሰው መሥዋዕቱን ይዞ ሲመጣና ሥጋው ሲቀቀል ሎሌያቸው ሦስት ጣት ያለው ሜንጦ ይዞ ይቀርባል፤ ሜንጦውን ድስቱ ውስጥ ይከትና የወጣውን ሁሉ ለእነርሱ ይወስዳል። ይባስ ብለው ስቡ ለእግዚአብሔር ሳይቃጠል ጥሬውን ሥጋ ይጠይቃሉ፤ እምቢ ያለውን በጉልበት ይነጥቁታል። ዔሊ ይህን ሰምቶ ልጆቹን መክሯል፤ አልሰሙትም። ከላይ ሲታይ ተረቱ የሚጠይቀውን ያደረገ አባት ነው። ፍርዱ ግን በልጆቹ ላይ ብቻ አልወረደም። እግዚአብሔር በብላቴናው በሳሙኤል በኩል የተናገረው ወቀሳ፣ አባት የልጆቹን በደል እያወቀ አለመከልከሉን ነው። ዔሊ እስራኤልን 40 ዓመት የፈረደ ሰው ነበር፤ ቃል ብቻ ሳይሆን ሥልጣንም ነበረው። ያም ሆኖ አፉ ሲመክር ሜንጦው ከሎሌው እጅ አልወጣም። በመጨረሻ ሁለቱ ልጆች በአንድ ቀን ሞቱ፣ ታቦቱ ተማረከ፣ የ98 ዓመቱ አባትም ወሬውን ሲሰማ ከወንበሩ ወድቆ ሞተ።

ዔሊን የጎደለው ንግግር አልነበረም። የጎደለው ንግግሩን የሚያጸና ሥራ ነው። «ጫት ይቅርብህ» የሚል አባት ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠይቅ በየሳምንቱ የሚሰጥ ከሆነ፣ ወይም ራሱ ቅዳሜ ከሰዓቱን እየቃመ የሚውል ከሆነ፣ ልጁ የሚሰማው ሁለት ምክር ነው፤ የሚያምነውም በዓይኑ ያየውን ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው አባባልም እዚህ ቦታ አለው። መጽሐፉ ዔሊ ልጆቹን ሲገሥጽ የሚያሳየን እጅግ ካረጀ በኋላ፣ በደላቸው የሕዝብ ወሬ ከሆነ በኋላ ነው። ዘግይቶ፣ አንድ ጊዜ፣ ያለ ተግባር የተነገረ ቃል በተረቱ ሚዛን ምክር ሆኖ አይቆጠርም።

አሁን ወደ ማሳረጊያው እንለፍ። መከራ በእርግጥ ይመክራል? ፈርዖን አሥር መቅሠፍት አይቷል፤ የገዛ ሹማምንቱ ግብፅ መጥፋቷን ቢነግሩትም ልቡ አልተመለሰም፤ መቅሠፍቱ ጋብ ባለ ቁጥር ወደ ነበረበት ተመለሰ። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም ደግሞ በነገሠ ጊዜ የ41 ዓመት ጎልማሳ ነበር እንጂ ልጅ አልነበረም። ሕዝቡ በሴኬም ተሰብስቦ አባቱ የጫነበትን ቀንበር እንዲያቀልለት ሲለምነው የሦስት ቀን ጊዜ ወሰደ፤ ሽማግሌዎቹ በበጎ ቃል እንዲመልስና ሕዝቡን እንዲያገለግል መከሩት፤ እርሱ ግን የእኩዮቹን ምክር ይዞ ሸክሙን እንደሚያከብድ ተናገረ። አሥሩ ነገድ በዚያው ተለየው። እዚህ ላይ ተረቱ የማይነግረን አንድ እውነት አለ፦ መከራው የመጣው እምቢ ባለው ሰው ላይ ብቻ አይደለም። መንግሥት ለሁለት ተከፈለ፣ ምክሩን ያልናቀው ሕዝብ ለትውልዶች ዋጋ ከፈለ። «መከራ ይምከረው» ስንል መከራው አንዱን ለይቶ የሚመታ አድርገን እንናገራለን፤ በቤት ውስጥ ግን የአንድ ልጅ ጥፋት የእናትን እንቅልፍ፣ የታናናሾችን ትምህርት፣ የቤተሰቡን ጥሪት ይዞ ይሄዳል።

በዘመናችን ደግሞ ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። ከእነርሱ ብዙዎቹ የጅቡቲን በረሃ አቋርጠው፣ በጀልባ ቀይ ባሕርን ተሻግረው፣ በየመን በኩል የገቡ ነበሩ። የውኃ ጥሙን፣ የአጋቾችን ዱላ፣ የእስር ቤቱን ጥበት በገዛ አካላቸው ያውቁታል። መከራ ብቻውን የሚመክር ቢሆን ኖሮ ከእነዚህ መካከል ማንም ዳግመኛ ያንን መንገድ ባልረገጠ ነበር። ሆኖም መልሰው የወጡ አሉ። ለደላላ ለመክፈል የተበደሩት ዕዳ አልተከፈለም፣ መሬቱ ያው ጠባብ ነው፣ ሥራውም የለም፤ መከራው «አትሂድ» ብሏቸዋል፣ «ታዲያ ምን ልሥራ?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አልሰጣቸውም። እነዚህን ወጣቶች «ምክር የማይሰሙ» ብሎ መፈረጅ ፍትሕ አይደለም። የሮብዓም ሽማግሌዎች ምክር ምክር የሆነው የሚሠራ ነገር ስለነበረው ነው፤ ምን እንደሚናገር፣ ምን እንደሚያደርግ ነግረውታል። አማራጭ የሌለው ክልከላ ግን ልጁን ባለበት ችግር ላይ ጥሎት ይሄዳል።

መከራ የመከረው ሰው ካስፈለገ ደግሞ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለውን ታናሽ ልጅ ማየት ይበቃል። ድርሻውን ተቀብሎ ሩቅ አገር ሄደ፣ ገንዘቡን አባከነ፣ ረኃብ መጣ፣ እሪያ ጠባቂ ሆነ። ብዙ ሰው ረኃቡ መለሰው ይላል። ታሪኩ ግን ከረኃቡ ቀጥሎ የሚያሳየን ልጁ ወደ ልቡ መመለሱንና በአባቱ ቤት ቅጥረኛው እንኳ ጠግቦ እንደሚያድር ማስታወሱን ነው። ረኃብ ብቻውን ሰውን ወደ ስርቆትም፣ ወደ ተስፋ መቁረጥም ይወስደዋል። ይህን ልጅ ወደ ቤት ያዞረው በልጅነቱ ያየው የአባቱ አሠራር ነው፤ ሠራተኛ የማይራብበት ቤት። አባትየው ልጁን ሲመክር አናነብም፤ ቤቱ ግን ሲመክረው ኖሯል። መከራ ያደረገው ቀድሞ የተቀመጠውን መቀስቀስ ነው። የተቀመጠ ነገር ባይኖር ኖሮ የሚቀሰቅሰው አያገኝም ነበር።

ከዚህ አባት ጎን ዳዊትን ብናቆም ልዩነቱ ይጎላል። የዳዊት ልጅ አቤሴሎም ወንድሙን አምኖንን አስገድሎ ሦስት ዓመት በጌሹር ተሰደደ። ዳዊት ኋላ ወደ ኢየሩሳሌም እንዲመለስ ፈቀደለት፤ ፊቱን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አላሳየውም። ከዚያ በፊትም አምኖን የአቤሴሎምን እኅት ትዕማርን መድፈሩን ሲሰማ ንጉሡ ተቆጣ እንጂ ፍርድ አልሰጠም። አቤሴሎም ስደቱንም መገለሉንም ቀምሷል፤ የተማረው ግን በበር ቆሞ የሕዝቡን ልብ መስረቅንና በአባቱ ላይ ማመፅን ነበር። ሁለቱም ልጆች መከራ ደረሰባቸው። አንዱን የጠበቀው ገና በሩቅ ሳለ አይቶት የሮጠ አባት ነው፤ ሌላውን የጠበቀው የተሰወረ ፊት ነው። አቤሴሎም በጦር ተወግቶ ከሞተ በኋላ ዳዊት ያለቀሰው ልቅሶ ልጁን አልመለሰውም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ መከራ የሚመክረው በሕይወት ያተረፈውን ብቻ መሆኑን ያልቆጠረ ወላጅ ተረቱን በችኮላ ባይጠቅስ ይሻላል።

ይህን የእኔን አተረጓጎም የሚቃወሙ ጠንካራ ክርክሮች አሉ። አንደኛው ከመጽሐፉ ከራሱ ይነሣል፦ በመጽሐፈ ምሳሌ የመጀመሪያ ምዕራፍ ጥበብ በአደባባይ ተጣርታ እምቢ ያሏትን፣ ጥፋታቸው በደረሰ ጊዜ እንደምትስቅባቸውና ቢጠሯት እንደማትሰማቸው ትናገራለች። ይህ ቃል ከባድ ነው፤ ማለዘብም አይገባም። ምክርን መናቅ ቀን ያለው ዕዳ እንደሆነ ያስጠነቅቃል። ነገር ግን ማስጠንቀቂያ የሚነገረው ለመመለስ ነው፤ ያችው ጥበብ በ8ኛው ምዕራፍ በመንገድ ዳርና በከተማ በር ቆማ እንደገና ስትጣራ እናገኛታለን። ሁለተኛው ክርክር ከኑሮ ይነሣል፦ ወላጅ ልጁን ከመከራ ሁሉ ካዳነው፣ ዕዳውን እየከፈለ፣ ጥፋቱን እየሸፈነ ከኖረ፣ ልጁ መቼ ይበስላል? ይህ እውነት ነው። የታናሹ ልጅ አባት እስከ እሪያዎቹ ድረስ ስንቅ አልላከም። በር ክፍት ማድረግና ጥፋትን መደጎም ለየቅል ናቸው። ልጁ የሥራውን ዋጋ ይቅመስ፤ ሲመለስ የሚያንኳኳው በር ግን አይጣ።

ሦስተኛው ተቃውሞ የልጆች ነው፤ ሊሰማም ይገባዋል። «ምከረው ምከረው» ማለት ጭቅጭቅ አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ ምክሩ ማዳመጥ ሲጎድለው። ሐዋርያው ጳውሎስ ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ለኤፌሶንና ለቆላስይስ ሰዎች በጻፈበት ቦታ፣ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስመርሩ ወዲያው ያዝዛል። በኦሪት ዘዳግምም ያ 6ኛው ምዕራፍ ሳያልቅ ልጅ ጠያቂ ሆኖ፣ አባትም መላሽ ሆኖ ይቀርባል። ጥያቄ የማይፈቀድበት ምክር ጩኸት ሆኖ ይቀራል። መካሪው ራሱ የሚሳሳትበት ጊዜም አለ። ሳኦል ዳዊትን ሊያስገድል ሲፈልግ ዮናታን አባቱን አልታዘዘም፤ ትክክልም ነበር። ሆኖም ለክፉው ትእዛዝ እምቢ ብሎ ልጅነቱን አልካደም፤ በጊልቦዓ ተራራ ከአባቱ ጋር ወደቀ። ወላጅን ማክበርና ለስሕተቱ መተባበር የተለያዩ መሆናቸውን ከእርሱ በላይ ያሳየ የለም።

መታዘዝም ቢሆን የመንገዱ መጨረሻ አይደለም። በዚያው የሉቃስ ምሳሌ ታላቁ ልጅ ከአባቱ ትእዛዝ ወጥቶ አያውቅም፤ ወንድሙ ሲመለስ ግን ተቆጥቶ ወደ ቤት አልገባም። እጁ ታዝዟል፤ የአባቱን ልብ አልተማረም። የምክር ዓላማ ታዛዥ ልጅ ማግኘት ብቻ ቢሆን ይህ ልጅ ይበቃ ነበር። አባቱ ግን ለእርሱም ወጥቶ ለመነው፤ ማለትም ሰሚውንም ልጅ መምከሩን አላቆመም።

ስለዚህ ተረቱ ይነገር፤ ሙሉውን ግን ይነገር። «መከራ ይምከረው» የሚለው ወላጅ ቀድሞ ራሱን ይጠይቅ፦ በጊዜው፣ ደጋግሜ፣ እየሰማሁት መክሬዋለሁ ወይ? ሥራዬ ቃሌን ይመስላል ወይ? ከከለከልሁት መንገድ ሌላ አሳይቼዋለሁ ወይ? ቢመለስስ የሚገባበት ቤት አለ ወይ? እነዚህን በአዎ የመለሰ ወላጅ ልጁ እምቢ ቢለውም የሰው ድርሻውን ፈጽሟል፤ የልጁ ምርጫ የልጁ ነውና ራሱን በጸጸት አይግደል። ያልመለሰ ግን ሥራው ገና ነው። ልጁ ሩቅ ቢሆን ስልክ ይደውል፣ ቅርብ ቢሆን ያስቀምጠው፣ ካስፈለገም ይቅርታ ይጠይቀው፤ ምክሩንም ከዚያ ይጀምር።