ተራን ስለ መጠበቅ

አንባቢ ወንድሜ ሆይ፥ ማሕሌት ሲቆም አስተውለህ ታውቃለህን? መዘምራኑ በቀኝና በግራ ቆመው፥ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፥ ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት ደረሰው የሚባለውን ዜማ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ይቀባበሉታል። በእንግሊዝ አገር ካቴድራሎችም ሕፃናትና ጎልማሶች በሁለት ወገን ቆመው በሠርክ ጸሎት እንዲሁ ይቀባበላሉ። አንዱ ወገን ሲያዜም ሁለተኛው ዝም ብሎ ካልሰማ፥ ዜማው ጩኸት ይሆናል።

አንተም በሸዋ ሮቢት ቆላ፥ ሽንኩርቴ እንዳይደርቅብኝ ብለህ የሮቢን ወንዝ ውኃ በሌሊት ከጎረቤትህ ቦይ ጠልፈህ ብታድር፥ በማለዳ የምታዜመው ምስጋና ወዴት ይደርሳል? የድኻው ማሳ ደርቆ በእግዚአብሔር ፊት ይከስሃልና።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ አስቀድመህ ውኃውን ለባለ ተራው መልስ፤ ከዚያም በኋላ ዘምር።