ከትዕዛዙ ኋላ የምትቀጥላት ቃል

ልጄ፣ ኪቦርድህን ራስህ ገጣጥመህ ኪውኤምኬ የተባለውን ፈርምዌር ልትጭንበት መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ብየዳውን ትወጣዋለህ፤ ልመክርህ የፈለግሁት ፈርምዌሩን ኮምፓይል ስታደርግ ከትዕዛዙ ኋላ ስለምትቀጥላቸው አማራጮች ነው።

የፈርምዌሩን አንድ ባህሪ ብዙውን ጊዜ የምታበራውና የምታጠፋው ሩልስ ዶት ኤምኬ በሚባለው ፋይል ውስጥ «የስ» ወይም «ኖ» በመጻፍ ነው። ፋይሉን ሳትነካ ግን ያንኑ ተርሚናሉ ላይ መስጠት ትችላለህ፤ ለዚያ ኮምፓይል ብቻ የፋይሉን ቃል ይሽረዋል። ለፍተሻ ከዚህ የሚሻል የለም። አንድ ቁልፍ አልሠራ ካለህ፣ የማትሪክስ ዲበጉን ኮዱ ውስጥ አብራና ኮንሶል ኢኔብልን «የስ» ብለህ ኮምፓይል አድርገህ ጫነው። ቁልፉን በተጫንክ ቁጥር ረድፉና ዓምዱ ኮንሶሉ ላይ ይመጣል። ካልመጣ፣ ኮዱን ከመጎርጎርህ በፊት ብየዳውንና ዳዮዱን እይ።

ቦታው ግን ጠባብ ነው። ፕሮ ማይክሮ ላይ ያለው ኤቲሜጋ 32ዩ4 ቺፕ የሚይዘው 32 ኪሎባይት ነው፤ ቡትሎደሩ 4ቱን ሲወስድ 28,672 ባይት ይቀርሃል። ኮንሶሉን ስታበራ ፈርምዌሩ ከልክ አለፈ ቢልህ አትደንግጥ። ማውስኪን «ኖ»፣ ኤልቲኦን «የስ» በልና ድገመው። መጨረሻ ላይ የሚያወጣውን የባይት ቁጥር አንብብ፤ አማራጮቹን አንድ በአንድ እያበራህና እያጠፋህ ካነጻጸርክ፣ የትኛው ስንት እንደሚበላ በአንድ ከሰዓት ታውቀዋለህ። እኔ ከመመሪያ ይልቅ በዚህ መማር ይቀናኛል። የኪቦርዱን መብራት ስታጠፋ ብቻ ተጠንቀቅ፦ የጻፍከው ኮድ መብራቱን የሚጠራ ከሆነ ኮምፓይሉ እምቢ ይልሃል፤ ያንን ክፍል በኢፍዴፍ እጠረው።

የወደድከውን ነገር ግን ተርሚናል ላይ አትተወው። የግዕዝ ፊደል በቀጥታ ከኪቦርዱ ለመላክ ዩኒኮድ ኢኔብልን «የስ» ብለህ ሞክረህ፣ ተሳካልህ እንበል። ከወራት በኋላ አንዲት ቁልፍ ለመቀየር ስትመለስ ያቺን ቃል ከረሳሃት፣ የፊደል ቁልፎችህ አይሠሩም፤ አንተም ጥፋቱን ባልነካኸው ኮድ ውስጥ ስትፈልግ ታመሻለህ። ፋይሉ ውስጥ ጻፋት፣ በጊትም አስመዝግባት።

አንድ ነገር ልጨምር። የሚወጣው ፋይል ስም የሚሰጠው በኪቦርዱና በኪማፑ ነው፤ አማራጮችህን አያሳይም። የፍተሻውን ፋይል ስታወጣ በዋናው ላይ ይጻፍበታልና፣ ዋናውን አስቀድመህ በሌላ ስም ኮፒ አድርገው።